ለአሮጌ ጋቢና የሚሆን መሣሪያ

የመኪና ወንበር ሰፊውን ሰፈሩ የሚያውቀው «ቀስ በል» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። በር ለመክፈት የሚቸኩል፣ ስፖንጅ ለመንካት እጁን የሚሰድ፣ የመኪናው ባለቤት ራሱ እንኳ ቢሆን፣ ከሰውየው አፍ መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ሚስቱ እንደምታወራው ከሆነማ፣ ለጋብቻ የጠየቃት ዕለት እሺ ልትለው አፏን ስትከፍት ሳያስበው «ቀስ በይ!» ብሏታል። እሷም ተናዳ መልሷን ክረምቱን ሙሉ አስጠበቀችው።

ስፌት ቀጥ ካላለለት ይፈታዋል። ፈትቶ ሲሰፋው የድሮው ቀዳዳ ከታየው ጨርቁን እንዳለ ይቀይረዋል። አንድ የታክሲ ወንበር ተረክቦ እየሠራ ሳለ ባለቤቱ ታክሲውን ሸጠ፣ ገዢውም መልሶ ሸጠው፤ ወንበሩን መጥቶ የወሰደው ሦስተኛው ባለቤት ነው። ሥራው ግን ሥራ ነበር። እሱ በሠራው ወንበር ላይ አንድ ጊዜ የተቀመጠ ሰው ሌላ ቦታ ሲቀመጥ ይቆረቁረዋል ይባላል።

አማቱ ሌላ ዓይነት ፍጥረት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰው ግን ዛሬም «ሾፌሩ» ነው የሚላቸው። መኪናቸው ሞተሩ ወጥቶ፣ ጎማዎቹ ተንፍሰው፣ ከልጃቸውና ከአማቻቸው ግቢ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሾፌሩ «ቆሟል» አይሉም፣ «አርፏል» ነው የሚሉት። ከምሳ በኋላ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጥተው ጋቢናው ውስጥ ይገባሉ፣ መሪውን ይጨብጣሉ፣ ማርሽ ያስገባሉ። ፀሐይ በረድ ሲል ይመለሳሉ።

«መንገዱ እንዴት ነበር አባዬ?» ትላቸዋለች ልጃቸው።

«አቧራ» ይላሉ፣ ትከሻቸውን እያራገፉ።

ግድግዳውን የሚዳብሱት ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ነው። የዓይን ሐኪሟ አይታቸው ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው፤ የቀኙ ሞራ ጠጥሯል፣ ቶሎ ካልወጣ በኋላ ቢወጣም ብርሃኑ አይመለስም። ለሐሙስም ቀጠሮ ሰጠቻቸው።

ችግሩ መሄጃው ላይ መጣ። ሾፌሩ የሰው መኪና ውስጥ አይገቡም። ሐኪሟ ጋ የሄዱትም በእግራቸው፣ ልጃቸውን ተደግፈው፣ ግማሽ ቀን ፈጅተው ነው፤ ጉልበታቸው ሁለተኛ እንዲህ ያለ መንገድ አይችልም። አንድ ጊዜ በልመና ታክሲ ውስጥ አስገብተዋቸው ነበር። ገና ከሰፈር ሳይወጡ «ፍሬን ያዝ! ማርሽ ቀንስ! ኧረ አንተ ሰውዬ መንገዱን እይ!» እያሉ ሲጮሁበት ባለታክሲው መኪናውን አቆመ፣ ቁልፉን እጃቸው ላይ አስቀመጠና ወርዶ ሄደ። ቁልፉን ለማያይ ሰው መስጠቱ ትዝ ያለው መንገዱን ከተሻገረ በኋላ ነው። እየሮጠ ተመለሰ።

«ሐኪም ቤት የምሄደው በራሴ መኪና ነው» አሉ ሾፌሩ።

«አባዬ፣ መኪናህ እኮ ሞተር የለውም።»

«የሞተሩን ነገር ተይው፣ እሱ ቀላል ነው። የሚያሳፍረው ጋቢናው ነው። ጣሪያው ራሴ ላይ ይራገፋል፣ ወንበሩ ወገቤን ይወጋኛል። እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት አልወጣም። ባልሽ ሥራው ምንድን ነው? ድሮ እንደነበረው ያድርግልኝ።»

የሞተሩን ነገር ልጅየው ጨረሰችው። በወጣትነቱ የአባቷ ረዳት የነበረ አንድ ሰው ዛሬ ከባድ ማሽን የሚያመላልስ ሎቤድ አለው። ጭነት መኪናውን ሎቤዱ ላይ ጭኖ ሊወስድ ተስማማ። ይህን ለሾፌሩ የነገራቸው የለም። የጋቢናው ነገር ለቀስ በል ቀረ።

ቀስ በል ባትሪውን ይዞ ገባና በሩን ከውስጥ በኩል አየው። የበሩ ልባስ የተያዘው ከኋላው በተደበቁ ትናንሽ የላስቲክ ክሊፖች ነው፤ እንዲህ ያለ ክሊፕ መሥራት የቀረው ደግሞ ድሮ ነው። በካቻቢቴ ከተነካ ይሰበራል። ከተሰበረም ወዲያ ክሊፕ የለም።

መሣሪያ ሻጩ ጋ ሄደ። «ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ግን እሺ ብሎ የሚታጠፍ ነገር ፈልጌ ነበር» አለው።

ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየው። «ወንድሜ፣ የምትፈልገው መሣሪያ ነው ወይስ ሚስት?»

«ሚስት አለችኝ።»

«እሷስ ትታጠፋለች?»

«መሣሪያው አለህ የለህም?»

ሻጩ ከመደርደሪያው ላይ የሚያብረቀርቅ ሳጥን አውርዶ ከፈተ፤ ውስጡ ሃያ ዓይነት ብረት ተደርድሯል። «ይኸው፣ ለሁሉም ነገር ይሆናል። ከመኪና እስከ ልብስ ስፌት መኪና።» ቀስ በል አንዱን አንስቶ በጥፍሩ ሞከረው፣ ሌላውን አንስቶ በከንፈሩ ሞከረው፣ አንድ በአንድ ወደየቦታቸው መለሳቸው። «ለጭነት መኪና በር የሚሆን የለውም» አለ። ሻጩም ሳጥኑን ከደነና፣ ምንም ሳይመስለው መደርደሪያው ላይ መለሰው።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሁሉ የሌላ ሙያ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። ክሊፑን ያለ ጭረት የነቀለለት ጫማ ሰፊው ጋ የተገኘ፣ ከቀንድ የተሠራ የጫማ ማጥለቂያ ነው። የድሮውን ክር ከሥሩ እየጎለጎለ ያወጣለት ጥርስ ሐኪም የጣለው የጥርስ መጎርጎሪያ መንቆር ነው። ፍራሽ ሰፊው እንደ ጨረቃ የጎበጠ መርፌ አዋሰው፣ መጽሐፍ ጠራዡ ከአጥንት የተሠራ የወረቀት ማጠፊያውን ሰጠው። በሌዘሩ ሥር የቀረውን አየር በማስቲሽ ለመተካት ደግሞ መድኃኒት ቤት ገብቶ ስሪንጅ ጠየቀ።

«ለማን ነው?» አለችው መድኃኒት ሻጯ።

«ለወንበር።»

«ምን ሆኖ?»

«አየር ገብቶበት።»

ልጅቱ ጥቂት አሰበችና «ወፍራሙን ውሰድለት» አለችው።

ሥራው ሲጀመር ሾፌሩ ከመኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ሰጡ። ቀስ በል ግን ጋቢናውን በገለጠ ቁጥር ያየውን ማመን አቃተው። የመስኮቱ ማዞሪያ የሾርባ ማንኪያ ነው፤ እጀታው ተቆልምሞ፣ ተበስቶ፣ በቡሎን ታስሯል። የጣሪያው ጨርቅ የተያዘው በሴት የፀጉር ማስያዣ ነው። የማርሹ ራስ ላይ የክፍል በር እጀታ ተተክሏል።

«የኛ ጓዳ በር እጀታ!» አለች ሚስቱ ስታየው። «እናቴ እስክትሞት ድረስ ያንን በር በገመድ ነው ስትዘጋ የኖረችው። ሌባ ወሰደው ነበር የተባለው።»

«ሌባም አልነበረ» አሉ ሾፌሩ ከበርጩማው ላይ። «መንገድ ላይ ማርሹ እጄ ላይ ወለቀ። በሩ ደግሞ የትም አይሄድም።»

ወንበሩ መሀል ላይ ትልቅ ቅድ አለ፤ በጆንያ ክር፣ ግራና ቀኝ እየዘለለ፣ ጫፉ ላይ የዶሮ እንቁላል በሚያክል ቋጠሮ ተሰፍቷል። ቀስ በል እዚያ ስፌት ፊት ቆሞ እንደ ታመመ ሰው ተነፈሰ። በሥራ ዘመኑ ብዙ ጉድ አይቷል፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየም። በመንቆሩ አንድ በአንድ ፈታው። ማንኪያውንም፣ የበር እጀታውንም፣ የፀጉር ማስያዣዎቹንም ባልዲ ውስጥ ወረወራቸው።

ማክሰኞ ሥራው አለቀ። ጋቢናው ከፋብሪካ ትናንት የወጣ ይመስላል። ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፣ ጣሪያው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ የመስኮት ማዞሪያው ከወደቀ መኪና ላይ የተገኘ ትክክለኛው ማዞሪያ ነው። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየው። ቀስ በል ሁሉንም «ቀስ በሉ» እያለ አሳየ።

ከዚያ ሾፌሩ ገቡ። ተቀመጡ። እጃቸው መሪው ላይ አረፈ፣ ወደ ማርሹ ወረደ፣ ቆመ። ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ። ወንበሩን መሀሉን ዳበሱት፤ ዳበሱት፤ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ሁለት ጊዜ ደገሙት። ወገባቸውን ግራና ቀኝ አንቀሳቅሰው የሚወጋቸው ነገር ጠበቁ። አልመጣም።

«ይሄ የማን መኪና ነው?» አሉ።

«የርስዎ ነው እንጂ አባባ!»

«የኔን መኪና እኔ አጣዋለሁ?» ወረዱ። «ለባለቤቱ መልሱለት። የኔን አምጡልኝ፣ ሐሙስ መንገድ አለኝ።»

ያስረዷቸው ጀመር። ሰሌዳውን አስዳበሷቸው፤ «ሰሌዳ ይፈታል» አሉ። የበሩን ስንጥቅ አስዳበሷቸው፤ «ስንጥቅ የሌለው መኪና ማን አለው?» አሉ። ቤት ገብተው አልጋቸው ላይ ተጋደሙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሚስትየው ባሏን ጓዳ ጠራችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ እሱም ከጩኸቷ ይልቅ ይህንን ነው የሚፈራው። «ያ ዓይን ከጠፋ፣ ያጠፋው ያንተ ልክ ማወቅ ነው። እሰፋለሁ ብለህ አሳወርከው።»

«ድሮ እንደነበረው አድርግ አሉኝ እኮ!»

«እሱ ድሮ የሚለው አንተ ያፈረስከውን ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ቀስ በል ባልዲውን ፍለጋ ወጣ። የፀጉር ማስያዣዎቹ አሉ፣ የበር እጀታው አለ፣ ማንኪያው የለም። ሚስቱ አጥባ የስኳር ጣሳው ውስጥ አስገብታው ኖሯል። አወጣው፣ በፎጣ አደረቀው፣ መስኮቱ ላይ መልሶ አሰረው። የማርሹን ራስ ነቅሎ የጓዳ በር እጀታውን ተከለ፤ የፀጉር ማስያዣዎቹንም ጣሪያው ላይ መልሶ ሰካ። ከወንበሩ ሥር አንድ ሽቦ በእጁ ጎትቶ ወደ ላይ አሾለና በአውራ ጣቱ መዘነው፤ ወገብ ላይ ይደርሳል። ከዚያ፣ ትናንት የሰፋውን አዲስ ሌዘር፣ መሀል ለመሀል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀደደው።

ሲሰፋው ዋለ። ስፌቱን ጠማማ ለማድረግ ያልሞከረው ነገር አልነበረም። በግራ እጁ ሰፋ፤ ግራውም ቀጥ አለ። ፊቱን አዙሮ ሰፋ። ከሚስቱ ጋር ሆነው ሾፌሩን ጠሯቸው፤ እጀታውን ሲነኩ ፊታቸው ፈታ አለ፣ ማንኪያውን ሲያዞሩ ጭራሽ ፈገግ አሉ። ጣታቸው ስፌቱ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ይሄ የኔ አይደለም። ይሄ ተቀምጦ የተሰፋ ነው።»

«እርስዎ እንዴት ነበር የሰፉት?» አለ ቀስ በል። ድምፁ ልመና ሆኗል። «በምን መሣሪያ?»

«መንገድ ላይ ምን መሣሪያ አለ? ዳገት ላይ ነኝ፣ ቲማቲም ጭኛለሁ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ወንበሩ ተቀዶ ሽቦው ጀርባዬ ገባ። ከኋላዬ መኪናው ሁሉ ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋል። ያቺ እናትሽ ጎኔ ተቀምጣ፣ ቲማቲሙ ሊፈስ ነው፣ ቲማቲሙ ሊፈስ ነው ትለኛለች። የጆንያ መርፌዋን ነጠቅኳትና ሰፋሁት። እግሬ ፍሬን ላይ ነው።»

ሚስትየው ገባችና ከመሳቢያዋ የጆንያ መርፌ ይዛ ወጣች። የእናቷ ነው። ቀስ በል ተቀብሎ በብርሃን አየው፤ ጫፉ ደንዝዟል፣ ወገቡ ጎብጧል። ለአራት ቀን ከተማውን ያዳረሰለት መሣሪያ ከአልጋው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ሰፋበት። ቀጥ አለ። እንዲያውም ከመጀመሪያው ይበልጥ ቀጥ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ረዳቱ ሎቤዱን ይዞ መጣ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሎቤዱ ከወዲያ ጫፍ እስከ ወዲህ ጫፍ ዘጋው። አፍታም ሳይቆይ ከኋላው መኪኖች ተሰለፉና ጡሩንባው ተጀመረ። አንዱ ከመስኮት ወጥቶ ይሳደባል፣ ሌላው ወርዶ ሲያጨበጭብ ይታያል። ረዳቱ ከሎቤዱ መስኮት በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ።

«አልጨረሳችሁም እንዴ? ሰዎቹ ሊበሉኝ ነው!»

ሚስትየው የጡሩንባውን ድምፅ ሰማች፣ ባሏን አየች። ከዚያ የስፌቱን ክር በመቀስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆረጠችው። ቀስ በል ጮኸ።

«ስፋ!» አለችው።

«ቆይ፣ ልኩን ልያዝ...»

«ልክ የለም! ስፋ! ቲማቲሙ ሊፈስ ነው!»

«የምን ቲማቲም?»

«ዝም ብለህ ስፋ! ቲማቲሙ! ኧረ ቲማቲሙ!»

ረዳቱም ነገሩ ሳይገባው ከአጥሩ ላይ ተቀበላት፤ «ቲማቲሙ!» እያለ የሎቤዱን ጡሩንባ ለቀቀው። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ መንገድ የተዘጋበትን ምክንያት ያወቀ መሰለው። «ቲማቲማችሁን አንሱ!» ይላል ሰፈሩ። ቀስ በል እግሩን ፍሬኑ ላይ ተክሎ መርፌውን ወጋ። ግራ ወጋ፣ ቀኝ ወጋ፣ ጣቱን ወጋ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ክሩ ሲያልቅበት ከየት እንዳገኘው በማያውቀው ሌላ ክር ቀጠለ፣ ቋጠረ፣ ደግሞ ቋጠረ፣ መቀሱን ሳይጠይቅ በጥርሱ በጠሰው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራውን ሳያይ ከመኪና ወረደ።

ሾፌሩ ገቡ። እጃቸው ማንኪያውን፣ እጀታውን፣ ከዚያም ስፌቱን አገኘ። ጣታቸው ግራና ቀኝ እየዘለለ ሄዶ ቋጠሮው ላይ አረፈ። ሽቦው ወገባቸውን ወጋቸው።

«እህ» አሉ፣ የቤቱ በር እንደተከፈተለት ሰው። «የት ነበርክ? ግባ እንጂ፣ ረፈደ።»

ቀስ በል ጎናቸው ተቀመጠ። የመሣሪያ ቦርሳውን፣ ቀንዱንም፣ መንቆሩንም፣ ስሪንጁንም የያዘውን፣ ከወንበሩ ሥር ገፋው። ረዳቱ መኪናውን በሽቦ ገመድ እየጎተተ ሎቤዱ ላይ ማውጣት ጀመረ። ጋቢናው ወደ ኋላ ተጋደለ።

«ዳገት ነው» አሉ ሾፌሩ፣ ማርሽ እየቀነሱ።

«ከግቢው መውጫ ነው አባባ።»

«አውቃለሁ። ድሮም አስቸጋሪ ነው።»

ሎቤዱ ተንቀሳቀሰ። ሾፌሩ እያንዳንዱን መታጠፊያ በጆሯቸው እየያዙ መሪውን ያዞራሉ፣ ሲቆም ፍሬን ይረግጣሉ። ከመንገዱ በላይ ከፍ ብለው ሲያልፉ ሰው ሁሉ አንጋጦ ያያል።

«ዛሬ ከፍ አልን» አሉ።

«ጎማ ተቀይሮለት ነው።»

አደባባዩ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። መጀመሪያ ረዳቱን፣ ቀጥሎ ላይ ያሉትን አየ። ሾፌሩ ማንኪያውን አዙረው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ።

ፖሊሱ ማንን እንደሚከስ ጠፋው። የለመደውን አደረገ፤ መንጃ ፈቃድ ጠየቀ። ሾፌሩ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ወደ ታች ዘረጉለት።

«አባት፣ ይሄ ጊዜው አልፏል።»

«የኔም እያለፈ ነው። ለዚሁ ነው ሐኪም ቤት የምሄደው።»

ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን መለሰና በእጁ እለፉ አላቸው፤ ለየትኛው መኪና እንደሆነ ግን አላመለከተም።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ የታክሲው ሦስተኛ ባለቤት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ነበር። ቀስ በልን ሲያይ ሰላም ሊለው ሎቤዱ ላይ ወጣ፣ አንገቱንም ወደ ጋቢናው አስገባ። ስፌቱን አየው። ማንኪያውን አየው። እጁ ላይ የያዘው ቁልፍ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ።

«ይሄን የሠራኸው አንተ ነህ?»

ሾፌሩ ጆሯቸውን አዙረዋል። ቀስ በል የታክሲውን ባለቤት አየው፣ የአማቱን ነጭ ዓይን አየ።

«እሳቸው ናቸው የሠሩት» አለ። «እኔ የነካሁት ነገር የለም።»

«ይነካና!» አሉ ሾፌሩ።

የታክሲው ባለቤት ወርዶ ሄደ። ወንበር ሰፊው ለገዛ አማቱ መርፌ ማንሳት እንደከበደው ማታውኑ ለባለታክሲው ሁሉ አወራ።

ሞራው በወጣ በማግስቱ ሐኪሟ ፋሻውን ፈታች። ሾፌሩ ቀኝ ዓይናቸውን ደጋግመው ጨፈኑ፣ ገለጡ። መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ነው።

«አርጅተሻል» አሏት። እሷም እየሳቀች አለቀሰች።

«አንተ ደግሞ ቀስ በል ነህ? በድምፅህ ረዘም ያልክ ሰው ትመስለኝ ነበር።»

የሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ መኪናቸው ሎቤዱ ላይ እንደወጣ ይጠብቃል። ሾፌሩ ዞረው አዩት። በረዳቱ ትከሻ ተደግፈው ወጡና በሩን ከፈቱ። ማንኪያውን፣ የጓዳውን እጀታ፣ በፀጉር ማስያዣ የተወጋውን ጣሪያ አዩ። ስፌቱ ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ይሄን የሰፋው ማነው?»

ቀስ በል እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ይሄ ሰው መርፌ ባይነካ ምን ነበረበት? እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አልቀመጥም። የኔን መኪና አምጡልኝ!»

ሚስትየው ግንባሯን ያዘች። ረዳቱ ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ። ቀስ በል ግን ተወግቶ ያበጠውን ጣቱን አየና ወደ አማቱ ተጠጋ።

«አባባ፣ እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«ገና ዛሬ ቢከፈትልኝ?»

«አንዴ ብቻ።»

ጨፈኑ። እጃቸውን ይዞ ወደ ማንኪያው አደረሰው። የሾፌሩ እጅ ከዚያ በኋላ የሚመራው አልፈለገም፤ ራሱ ወደ እጀታው ሄደ፣ ራሱ ስፌቱ ላይ እየዘለለ ቋጠሮው ጋ ደረሰ። ሾፌሩ ገብተው ተቀመጡ፤ ሽቦው ሲወጋቸው ትንሽ ተነሱና መልሰው ተመቻቹ።

«እህ» አሉ። «ንዳ በሉት።»

መንገዱን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነዱ። ሰፈር ሊገቡ ሲሉ ግን የዳነውን ዓይን በጥቂቱ ገለጡት፤ ወደ ወንበሩ፣ ከዚያም በጨርቅ ወደ ተጠቀለለው የአማቻቸው ጣት አዩ። መልሰው ጨፈኑ።

«ያ ሁሉ የለቀምከው መሣሪያ የት ደረሰ?»

«ከወንበሩ ሥር ነው።»

«እዚያው ይቆይ። የግራውም ዓይን ገና ይታከማል።»

ቀስ በል አንገቱን ነቀነቀ። ጉልበቱ አጠገብ ከስፌቱ ያመለጠ ክር ተንጠልጥሏል፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ወዲህና ወዲያ ይላል። ላለማየት ወደ መንገዱ ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ጣቱ በራሱ ጊዜ ወደ ክሩ ሄደ።

«ቀስ በል» አሉት ሾፌሩ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።